በፊደል ተራ

ጋሼ ማህደር የሚስታቸውን ግራጫ ቀሚስ እየተኮሱ ነበር። መብራት ጎህ ሲቀድ መጥቶ አራት ሰዓት ላይ ስለሚሄድ፣ በዚያ ቤት የሚተኮሰውም፣ የሚፈላውም፣ ቻርጅ የሚደረገውም ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጋፋል። እሳቸው ግን አይጣደፉም። ከአንገቱ በታች በተደረደሩት ስድስት ትናንሽ ቁልፎች ዙሪያ የካውያውን ጫፍ እንደ እርሳስ ይዘው ያዞሩታል፤ አንዱን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ሲያልፉ ብቻ ትንፋሻቸውን ይለቃሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመሬት መዝገብ ቤት አገልግለው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ማህደር የሚል ስም ያወጣላቸው ለማሾፍ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀብለውት ይኖራሉ።

ከመጋረጃው ወዲያ እናትና ልጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ግድግዳው መጋረጃ በሆነ ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ጆሮህን አቁም እንደማለት ነው።

"ትናንት ውኃ ሲመጣ በስልኬ መብራት በርሜሉን ሳይ ከእጄ አመለጠኝ" አለች ልጅቷ። "ፈታትቼ ሳደርቀው አደርኩ። ሞቷል፤ አልነሳ አለኝ።"

"የዓይኔ ገንዘብ እሱ ውስጥ አልነበረም እንዴ?" አሉ እናቷ።

"ስልኩ መክፈቻ ብቻ ነው እማዬ። ገንዘቡ የትም አልሄደም። አባዬ ዘንድ ያሉት ቃላት እስካሉ ድረስ አሥር ስልክ ቢሰምጥ ግድ የለንም። ኮምፒውተሬ ላይ አስገባቸውና ይከፈታል።"

"አባትሽ ዘንድ የገባ ወረቀት ደግሞ መቼ ጠፍቶ ያውቃል!"

ጋሼ ማህደር ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ቆሙ። ካውያውን በጀርባው አቆሙ፤ የሸሚዛቸውን እጅጌ አወረዱና ቁልፉን ቆለፉ። መዝገብ ቤት ሳሉ አንድ ሰው ሰነድ ፈልጎ በመስኮቱ ሲያንኳኳ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ሰፈሩ እትዬ መርፌ የሚላቸው ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ነበሩ ማለት ይሻል ይሆናል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ቀኝ ዓይናቸው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሊገፈፍ ቀጠሮ ተይዟል። ሐኪሙ አለ፣ አልጋው አለ፤ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። በባንክ በኩል የውጭ ምንዛሪ ተጠይቆ የሚገባው ሌንስ ዓመትም ያስጠብቃል። አስመጪው በእጁ ያሉትን ጥቂቶች የሚሸጠው በስልክ ዶላር ነው፤ ከተማው ክሪፕቶን የሚጠራው እንዲህ ብሎ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተከፈለው ሌንሱን ለሚቀጥለው ታካሚ እንደሚሰጥ ትናንት ደውሎ አስታውቋል፤ የሚቀጥለው ጭነት መቼ እንደሚገባ ሲጠየቅ ስቋል።

ገንዘቡ የልጅቷ ነው። ከሰማይ የተነሱ ፎቶግራፎችን እያየች ጣሪያውን፣ መንገዱን፣ ቦዩን እየለየች ትስላለች፤ ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ድርጅት ይከፍላታል። የመጀመሪያዎቹ ደሞዞች በባንክ ነበር የመጡት። ሁለት ወር ባንክ ውስጥ ከርመው፣ በመንግሥት ምንዛሪ ተመትተው ሲወጡ፣ አንድ ኩንታል ዱቄት ይገዛል የተባለው ገንዘብ ሩቡን እንኳ አልገዛም። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ከዶላር ጋር በታሰረ የዲጂታል ገንዘብ ትቀበላለች፤ በሰዓቱ ይመጣል፣ ባለበት ይቆማል። ጋሼ ማህደር ግን አልተዋጠላቸውም ነበር። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ በሳምንት እጥፍ ይሆናል የተባለ የስልክ ሳንቲም ገዝቶ ወንበሩን እስከ መሸጥ ደርሷል። "እኔ አልነግድበትም አባዬ" ብላቸው ነበር ልጃቸው፤ "ደሞዜን ነው የምቀበልበት።" ደሞዝ የሚለው ቃል ራሱ አልያዝላቸው አለ። ማኅተም የሌለው፣ አለቃ የሌለው፣ ደብዳቤ የማይጻፍለት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? የሳቸው ጡረታ ሁለት ሊትር ዘይት በማይገዛበት ዘመንም እንኳ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ልጅህስ ካላቸው፣ "ሥራ እየፈለገች ነው" ይላሉ። ቤቱ የሚበላው በማን እንደሆነ እያወቁ እንዲህ ይላሉ።

ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰማያዊ ማህደር አወረዱ፤ በጀርባው ላይ "የቤተሰብ ሰነዶች፣ ጥብቅ" ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል። ጋብቻ፣ ልደት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ከዚያ በኋላ ወፍራም ካርድ። ልጅቷ መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ካርዱን በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

የሦስት ወር ነገር ነው። ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ሰጥታ፣ "አባዬ፣ ይቺን ወረቀት ከአንተ በቀር ለማንም አላምናትም። ፎቶ አላነሳኋትም፣ ሌላ ቦታ አልጻፍኳትም" ብላቸው ነበር። በላዩ ላይ አንዱ ከአንዱ በታች አሥራ ሁለት ቃላት ተጽፈዋል፤ የውጭ ቋንቋ ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ከማንም ቤት የሚገኝ ነገር ነው፦ መሰላል፣ ወንዝ፣ ሎሚ፣ መስኮት። የድሮዎቹ የመሬት መዝገቦች በዚያ ፊደል የተጻፉ ስለነበሩ ጋሼ ማህደር አነባበቡን ያውቃሉ። ያን ቀን ደስታቸውን የሚያሳዩበት ቢያጡ በሚያውቁት ሥራ አሳዩት።

ልጅቷ ካርዱን አየችው። ጽሑፉ ቀጥ ያለ፣ የታተመ የሚመስል የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ጣቷን ከላይ ወደ ታች እያንሸራተተች ወረደች፤ እንደገና ከላይ ጀመረች። ፈገግታዋ ቦታው ላይ ቀረ፣ ዓይኗ ግን ተለወጠ።

"አባዬ፣ ቅደም ተከተላቸው እንዲህ ነበር?"

"በፊደል ተራ ነዋ! አንቺ የሰጠሽኝ ዝብርቅርቁ የወጣ ነበር። መሰላል ከላይ፣ ድልድይ ከታች ሆኖ የተጻፈ። ማንም ሰው ቢፈልግ ባንድ እይታ እንዲያገኘው አድርጌ ነው የገለበጥኩት።"

"ዋናውስ ወረቀት?"

"አንድ ሰነድ ሁለት ቦታ አይቀመጥም" አሉ። የመዝገብ ቤቱ ደንብ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለአዲስ ሠራተኛ ሲነግሩት የነበረ።

ልጅቷ ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጋሼ ማህደር ቁጣ ቢመጣ ይሻላቸው ነበር። እሷ ግን ካርዱን በጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና፣ "ምንም አይደል አባዬ፤ ቁጥር አድርጌ መስጠት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ እሳቸውን ላለማስደንገጥ ቃል እየመረጠች አስረዳቻቸው። ቃላቱ ብቻቸውን ዋጋ የላቸውም። ተራቸው ነው ቁልፉ። አሥራ ሁለት ቃል ሊደረደር የሚችልበት መንገድ ወደ ግማሽ ቢሊዮን ይጠጋል። የሚሞክር ፕሮግራም አለ፤ ግን በሷ ኮምፒውተር ቀናት ይፈጃል፤ መብራቱ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ሰዓቱን አየች። ሦስት ከሃያ።

"ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" አሉ ጋሼ ማህደር። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። "ማህደሩ በማን እጅ ነበር? በኔ። በቃ።" ካውያው አሁንም እንደተሰካ ነበር፤ ሄደው ነቀሉት። በሥራ ዘመናቸው አንድም ሰነድ አላጠፉም፤ ይህን የሚናገር የምስጋና ወረቀት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዛሬ ያጠፉት ግን የሚስታቸውን ዓይን ነው። ወደ ወረቀቱ ላለማየት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከመጋረጃው ወዲያ እትዬ መርፌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ምነው ዝም አላችሁ? ዓይኔ ቢጋረድ ጆሮዬ አልተጋረደም። ሰው ሲሞት እንኳ በዚህ ቤት እንዲህ ጸጥ ተብሎ አያውቅም።"

"ዋናውን ወረቀት ቆራርጬ ጥዬዋለሁ" አሉ ባላቸው። ሊዋሹ አልፈለጉም፤ ለስለስ ማድረግም አላወቁበትም።

"ጣልኩት? አንተ?" አሉ እትዬ መርፌ፤ ከአልጋው ጠርዝ ላይ የሳቅ ትንፋሽ ተሰማ። "አንተ ሰውዬ፣ የቲማቲም መጠቅለያ ወረቀት አጥፈህ ፍራሽ ሥር የምታስቀምጥ፣ ንጹህ ደብተር ጥለህ? እስኪ የክር ሳጥኖቼን ተመልከታቸው።"

ጋሼ ማህደር ክው አሉ፤ ፈጽሞ ረስተውት ነበር። አባትና ልጅ እኩል ወደ ልብስ ስፌት መኪናው ዞሩ። ከመኪናው በላይ፣ በግድግዳው መደርደሪያ ላይ፣ አሥራ ሁለት የካርቶን ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ጠባብ ወረቀት ተለጥፏል፤ በወረቀቶቹ ላይ በትልልቅ ፊደል ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ አረንጓዴ ተብሎ ተጽፏል። እትዬ መርፌ የአንድ ተማሪ ጥቁር ሱሪ በቡኒ ክር ሰፍተው ያፈሩ ሰሞን ነበር ጋሼ ማህደር ይህን ያደረጉት። ቃላቱን በፊደል ተራ ለመደርደር፣ በመዝገብ ቤት ወግ፣ ገጹን አሥራ ሁለት ቦታ ቆርጠው እንደ ካርድ ደልድለዋቸው ነበር። ገልብጠው ሲጨርሱ ቁርጥራጮቹ ተረፉ። ጀርባቸው ንጹህ ነው። የወረቀት ዋጋ ደግሞ ይታወቃል። በዱቄት ሙጫ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርገው ለጠፏቸው።

ልጅቷ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ የሚያዘነብል ነበር። "ደንበኛ ሁሉ እየገባ እየወጣ! የኔ ሚስጥር ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ!"

"የኔ ጌታ ወረቀት ሲያባክን አላየሁም" አሉ እትዬ መርፌ፤ "ስለዚህ ፊደሉን ማየት ባልችል እንኳ የወረቀቱን ጠርዝ በጣቴ አውቀዋለሁ። የነጩ ሳጥን ወረቀት በአንድ በኩል ይሰፋል። ሁሉም ጠማማ ናቸው፤ ምን ሆነህ ነው እንደዚያ አጣመህ የቆረጥካቸው ብዬ ልጠይቅህ እያሰብኩ ነበር።"

"ጽሑፏ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ነው" አሉ ጋሼ ማህደር፤ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። "እኔ መስመሩን አልተከተልኩም፤ ጽሑፏን ነው የተከተልኩት።" መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "ልጄ፣ ንጹህ ጨርቅና ለብ ያለ ውኃ አምጪ። ጠረጴዛውን አጽጂው። ማራገቢያ እንዳትከፍቺ።"

በዚያ መዝገብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ አይጥ የበላውንና ጎርፍ የነካውን የይዞታ ሰነድ የሚገጣጥሙ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የሟች ልጆች በአንድ ቁራጭ መሬት ሲካሰሱ፣ የዳኛው ትእዛዝ ወደዚያ ምድር ቤት ይወርድ ነበር፤ መልሱም በብርጭቆ መካከል ተጣብቆ ይወጣ ነበር። ጋሼ ማህደር አሁን እርጥቡን ጨርቅ በየወረቀቱ ላይ ጣል አድርገው ጠበቁ። ለመላጥ አልሞከሩም። ሙጫው ራሱ እስኪለቅ፣ የወረቀቱ ጥግ ራሱ ቀና እስኪል ጠበቁ። ልጅቷ ሰዓቷን አየች፤ እሳቸው ሰዓት እንደሌለ ሆኑ። መብራቱ ሲሄድ የፍሪጁ ድምፅ ቀጥ አለ፤ እሳቸው ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ጎተት ከማድረግ በቀር ቀና አላሉም። አምስት ሰዓት ሲሆን አሥራ አንዱ ቁራጭ በጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተኝቶ ነበር። አሥራ ሁለተኛው፣ የነጩ ሳጥን፣ ጥጉ ላይ ተቀደደ፤ ጋሼ ማህደር ትንፋሻቸውን ይዘው ቁራጯን በምላጭ ጫፍ አነሷትና ከወንድሟ አጠገብ አስተኟት።

ከዚያ የሆነው ለልጅቷ እንደ ምትሐት ነበር። ደብተሩ ሰማያዊ መስመር አለው፤ ጽሑፏ መስመሩን ትቶ ወደ ላይ ስለሚሄድ፣ ቁርጡ መስመሮቹን በሰያፍ ሰንጥቋቸዋል። ስለዚህ ከአንዱ ቁራጭ ጠርዝ ላይ የሚያልቅ መስመር ከሌላው ጠርዝ ላይ ይቀጥላል። አባቷ የሚያነቡት ቃሉን ሳይሆን መስመሩን ነበር። አንዱን ከአንዱ ሲያስጠጉ፣ ሲያርቁ፣ ሲያዞሩ፣ ጣቶቻቸው ወረቀቱን የሚነኩት አይመስልም ነበር። ወንዝ ከመሰላል በታች ገባ። ሎሚ ከመስኮት በላይ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "እዚህ ጋ ሁለቱ ይሻማሉ" ብለው ቆሙ፤ ጠርዙ በሙጫው አብጦ ነበር።

ልጅቷ ጧት ቻርጅ ባደረገችው ኮምፒውተር ቃላቱን አንድ በአንድ ጻፈች። የተሳሳተ ነው የሚል ቀይ መልእክት መጣ። አንገቷን ሳታዞር አባቷን ጠበቀች። ጋሼ ማህደር መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወረቀቱን ለዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

"ሁለቱን አለዋውጫቸው። ትኬት ይቅደም።"

አለዋወጠች። ስክሪኑ ለአፍታ ባዶ ሆነ። ከዚያ ቁጥሮቹ መጡ፤ የስድስት ወር ጣሪያዋ፣ መንገዷ፣ ቦይዋ በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል። ልጅቷ ግንባሯን በአባቷ ትከሻ ላይ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አሳረፈችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የአስመጪውን አድራሻ ሁለት ጊዜ አመሳክራ ላከች። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር።

"ባንክ ቢሆን ገና የጥበቃው ወንበር ላይ ነበርን" አሉ እትዬ መርፌ ቀሚሳቸውን በዳበሳ እየቆለፉ።

መልስ እስኪመጣ ልጅቷ የሥራዋን ገጽ ከፈተች፤ እጇ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም። ጋሼ ማህደር ከኋላዋ ቆመው ከዚህ በፊት በቅጡ አይተውት የማያውቁትን ነገር አዩ። ከላይ የታየ ከተማ ነው፤ የማን እንደሆነ አያውቁም። ጣሪያዎቹ ሁሉ ጠርዝ በጠርዝ ተስለዋል፤ አጥሩ ከቤቱ፣ ቤቱ ከመንገዱ ተለይቷል። አንድም መስመር አልተንቀጠቀጠም። በሁለት ጣሪያዎች መካከል ክር የምታህል ነገር ነበረች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"መተላለፊያ ናት አባዬ። ሰው ይሄድባታል። እኔ ካልሳልኳት ደግሞ የለችም ማለት ነው፤ አምቡላንሱ በሩቅ ይዞራል።"

"ማን ይቆጣጠርሻል? ብትሳሳቺ ማን ያውቃል?"

"እኔ።"

ጋሼ ማህደር መተላለፊያዋን ረዘም ላለ ጊዜ አዩአት። በምድር ቤት ውስጥ ለሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቁት ይህንኑ ነበር፤ ማን የት ይኖራል፣ በየት ይወጣል፣ በየት ይገባል። "ጽሑፍሽ ብቻ ነው ጠማማው" አሉ በመጨረሻ። ልጅቷ ሳቀች፤ በዚያው ቅጽበት ከአስመጪው ሁለት ቃል መጣ፦ "ደርሷል። አመሰግናለሁ።"

የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ነው፤ ወንበሮቹ በብረት ተያይዘው ተበይደዋል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነቃነቃል። ጋሼ ማህደር የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ሲያስቀምጡ፣ ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሱ። የመዝገብ ቤቱ የቀድሞ ኃላፊ ናቸው። በጭናቸው ላይ ቡናማ ፖስታ ይዘዋል፤ የባንክ ደብዳቤ ነው።

"ሰባት ወር ሆነኝ" አሉ ኃላፊው ፖስታውን መታ እያደረጉ። "ሌንስ ለማስመጣት ምንዛሪ ይፈቀድልኛል ብዬ። ዛሬም ጠብቅ ነው የሚሉኝ። አንተ እንዴት አገኘህ ማህደር? ሰው አለህ እንዴ?"

"አለኝ" አሉ ጋሼ ማህደር።

"ማን?"

"ልጄ።"

"አሃ፣ ሥራ አገኘች?"

የዘወትሩ መልስ ምላሳቸው ላይ መጥቶ ነበር። ጋሼ ማህደር ወደ ልጃቸው አዩ፤ ሰምታለች፤ ያልሰማች ለመምሰል የእናቷን የአንገት ልብስ ታስተካክላለች። ስንት ጊዜ እንዲሁ እንዳልሰማች ሆና እንደኖረች ያን ጊዜ ገባቸው።

"ሥራ ካገኘች ሁለት ዓመቷ ነው ጌታዬ" አሉ፤ ድምፃቸው በክፍሉ ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰማ። "ለሰው ሳልናገር የቀረሁት እኔ ነኝ። ቤታችን የሚያድረው በሷ ነው። የናቷንም ዓይን የገዛችው እሷ ናት፤ በስልክ ዶላር፣ በአንድ ትንፋሽ። ነገ ቤት ብቅ ይበሉ፤ ቁጭ ብላ ታሳይዎታለች።"

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ?"

"እኔም በዚህ ዕድሜዬ ነው የተማርኩት። ዛሬ ጧት።"

እትዬ መርፌ ወደ ድምፁ ዞረው፣ "ብቻ ወረቀት እንዳይሰጡት" አሉ፤ ከጎናቸው የተቀመጠች የማያውቋት ሴት ሳትቀር ሳቀች።

ነርሷ ስም ጠራች። እትዬ መርፌ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ተነሱ፤ ቁልፎቻቸውን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጥረው ቀጥ ብለው ሄዱ። የመስኮቱ ጸሐፊ ለጋሼ ማህደር አንድ ቅጽ በመስኮቱ ሥር አሳለፈችላቸው። "ከፋዩ እርስዎ ነዎት አባባ?"

"አይደለሁም" አሉ። "ግን እሞላዋለሁ። ጽሑፌ ይነበባል።"

ቆመው ሞሉት። የታካሚዋን ስም ጻፉ። ከፋይ በሚለው ላይ የልጃቸውን ስም ከነአያቷ ጻፉ። ዝምድና፣ ልጅ። የከፋይ ሥራ የሚለው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ አድርገው ያዙት፤ ከዚያ ካርታ ሠሪ ብለው ጻፉ። የሥራ ቦታ በሚለው ላይ የቤታቸውን ቁጥር አስቀመጡ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ፤ እስክሪብቶውን ከደኑ፤ ቅጹን ከሌሎቹ በላይ፣ ጽሑፉ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው፣ ጠርዙን ከጠርዝ አስተካክለው ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት።